የቀጠሮ ሰሞን ጻድቃን

ምስጋና ይድረሳቸው፤ የስኳር ቀጠሯቸው ሦስት ቀን ሲቀረው ለሚመንኑት! ሰሞኑን ደግሞ የላቦራቶሪውን ደጃፍ በአቤቱታ ሞልተውታል፦ «ቁርስ ሳልቀምስ መጥቼ የሦስት ወሩ ስኳር እንዴት 9.2 ይወጣል? ማሽኑ ተበላሽቷል!»

ግፍ ነው እንጂ! ሰውዬው እኮ ሰኞ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቷል። ማክሰኞ ለስላሳውን በሩቁ ተሳልሞ አልፏል። ረቡዕ እራቱ ግማሽ እንጀራ በጎመን ነበር። ሁለት ፌርማታ ሙሉ በእግሩ ሄዷል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ስኳር መርዝ ነው» እያለ ሰብኳል። ሲረሳው የከረመውን ክኒን በሰዓቱ ውጧል። ሐሙስ ጠዋት ደም ሲሰጥ የጾም ስኳሩ 118 ሚ.ግ./ዴ.ሊ.! ከላቦራቶሪው ቀጥታ ኬክ ቤት፤ ሁለት ቦምቦሊኖ፣ አንድ ማኪያቶ፣ ስኳሩ በዛ ብሎ። ለጽድቁ ማካካሻ።

ይህን ሁሉ ተጋድሎ ቀይ የደም ሴል አላየለትም። ሴሉ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ በዕድሜው ደም ውስጥ ያገኘው ስኳር ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን ተሸካሚው ቀይ ፕሮቲን) ላይ ይለጠፍና አብሮት ይከርማል። የሦስት ወሩ ምርመራ (HbA1c) የሚለካው ከመቶው ሄሞግሎቢን ስንቱ ላይ ስኳር እንደተለጠፈ ነው። ቁርስ ቢበሉም ባይበሉም ግድ የለውም። የመጨረሻው ወር ብቻውን ግማሹን ያህል ስለሚይዝ፣ ምናኔው ወር ቢሞላ ኖሮ ቁጥሩ ፈቀቅ ይል ነበር። 9.2 ማለት በአማካይ 217 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. ገደማ ስኳር በደም ተሸክሞ መክረም ነው። ከ5.7 በታች ደህና፣ እስከ 6.4 አፋፍ፣ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር በሽታ ነው (ምልክት ከሌለ ተደግሞ ይረጋገጣል)። ለብዙ ታማሚ ግቡ ከ7 በታች ነው።

ቁጥሩ የሚዋሽበት ጊዜማ አለ። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ከፍ ያደርገዋል፤ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ማን ይናገራል? ማሽኑን መርገም ይቀላል።

ወረፋ ላይ የተሰየመው መካሪም ይመስገን፦ «መርፌውን ጣለውና ሽፈራው አፍልተህ ጠጣ!» እዚህ ላይስ ቀልዱ ይብቃ። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው መርፌውን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ በዝቶበት ሊሞት ይችላል። ይህ ምክር አይባልም፤ ግድያ ነው። መካሪው ለቅሶ ቤት ሲመጣ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ንፍሮውን ይቆረጥማል።

የኛ መናኝ ቀጣይ ቀጠሮው ከ90 ቀን በኋላ ነው። 87ቱን ለቦምቦሊኖ መድቧል። ላቦራቶሪውን ግን ይቀይራል።