ውሃ ያልነካው ዋናተኛ

ባለፈው ጥር ከቨርጂኒያ ኒውዮርክ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ብርዱ ሲብስብኝ ሞማ የሚባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ገባሁ። መግቢያው 30 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ ከፍዬ የተገተርኩት ግን በፓንት ብቻ የቆመ ጎረምሳ ፊት ነው።

የፈረንሳዊው ፖል ሴዛን ሥዕል ነው፤ በ1885 ገደማ በፈረንጆቹ የተሣለ። ልጁ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ውሃ ዳር ይራመዳል። ጡንቻ የለው፣ ቁመና የለው። ገላው ላይ የሰማዩ አረንጓዴና ሐምራዊ ሳይቀር ተቀብቷል። ሴዛን ግን እንደ ተራራ አግዝፎታል።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ይሄ ከወንዝ ወጥቶ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው! ቀበና ወርደን ስንዋኝ እንዲሁ ነበርን። ፀጉር ሳይደርቅ ቤት አይገባም። ቢደርቅም አያድንም። እናቴ ክንዴን ይዛ በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀ፣ ወንዝ ወርጃለሁ። የቀረውን በርበሬ የታጠነ ያውቀዋል።

ልጆቼ እዚህ ዋና የሚማሩት በክፍያ ነው። ክሎሪን፣ መነጽር፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጠባቂ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ በብዙ ይሻላሉ፤ የእኔ ዋና መንቦጫረቅ ነው። ግን ተደብቀው ዋኝተው አያውቁም።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሴዛን ይህን ልጅ የሣለው ከፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሞዴል ስቱዲዮ ውስጥ ነው የቆመው፤ ውሃ የሚባል አጠገቡ የለም። ወንዙን የጨመረለት ሠዓሊው ነው። ሴዛን በልጅነቱ፣ በትውልድ ከተማው በኤክስ፣ ኋላ ደራሲ ከሆነው ጓደኛው ከኤሚል ዞላ ጋር አርክ ወንዝ ይዋኝ ነበር። አድጎ ፓሪስ ገባ። ዋናተኞችን መሣል ግን እስኪሞት አልተወም።

እኛስ? ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ወንዝ እንጨምራለን። ስለ ቀበና ሳወራ ወንድሜ በስልክ፣ «የቱ ቀበና? ያኔም እኮ ይሸት ነበር» ይለኛል። ዳርቻው አሁን በልማት አምሯል፤ ፎቶ ልኮልኛል። መብራት አለ፣ መራመጃ አለ። የሚዋኝ ልጅ የለም።

ሥዕሉ ፊት ቆሜ ሳላስበው ክንዴን በጥፍሬ ጫር አደረግኩት። የኒውዮርክ ብርድ ቆዳ ያደርቃል። ነጭ መስመር ወጣ።