«ሚስማር እንዳትመቺብኝ»

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ያልሰማ የለም። ውል ሳይፈረም፣ ገና ሳሎኑን እያየሽ፣ «ልጄ፣ ቀለሙ አዲስ ነው፤ አደራ ሚስማር እንዳትመቺብኝ» ይሉሻል። ቅድሚያ ትከፍያለሽ። ለደላላ ትከፍያለሽ። ዕቃሽን በአይሱዙ ጭነሽ ትገቢያለሽ። የአባትሽን ፎቶ ግን መስቀል አትችይም።

እኔን ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

አያቴ የሰፋችው ሰፌድ አለኝ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ አለላ ነው። ጠርዙ ጋ ሐምራዊው አልቆባት ይመስለኛል፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ፈዘዝ ባለ ሌላ ሐምራዊ ጨርሳቸዋለች። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው የት ጋ እንደቀየረች ይታያል። እኔ ከሰፌዱ ሁሉ የምወደው እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ነው፤ አያቴን የማያት እዚያ ነው። አሁን የት ነው ያለው? በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር! ስፌት ደግሞ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል፣ ብል ይበላዋል። አየር ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

«በፕላስተር ለጥፊው» የሚሉኝ አሉ። ባለ ሁለት ፊቱን ሞክሬዋለሁ። ሌሊት ዱብ ይላል፤ ሲወድቅ ደግሞ ቀለሙን ልጦ ነው የሚወርደው። ከሚስማሩ የባሰ ጉዳት! የሚስማር ቀዳዳ በትንሽ ስቱኮ ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ።

የሚገርመው እኮ ግድግዳው ባዶ አይደለም። አከራዮቹ ራሳቸው ሞልተውታል። ኮርኒሱ ላይ ጂፕሰም ከነባለቀለም መብራቱ፣ ከቲቪው ጀርባ ወርቃማ አበባ ያለው ወረቀት። ቤት ፍለጋ ስትዞሪ ሰፈሩ ይለያያል እንጂ ሳሎኑ አንድ ነው። እነሱ ደስ ያላቸውን ማድረጋቸው መብታቸው ነው፣ ቤታቸው ነው። ግን እዚያ ውስጥ የምበላው፣ የምተኛው፣ ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ልጄ አያቷን፣ አባቴን፣ በዓይኗ አላየችም። ፎቶውን በየቀኑ ካላየችው በምን ታውቀዋለች?

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያሉትን የሐረሪ ቤቶች ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ነደባው ላይ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጠሽ ቀና ስትይ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ ሳህኑ ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። የቤቱ ሴቶች የእጅ ሥራ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ነው የሚሰቀለው። እዚያ ግድግዳ «ይቆሽሻል» ተብሎ ባዶውን አይቀመጥም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ «የራስሽን ቤት ስትሠሪ ትሰቅይዋለሽ» የሚለው ምክር ነው። መቼ? በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነሱም ታሪካቸውን አልጋ ሥር አስቀምጠው ይጠብቁ? የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ቶሎ ውጪ አልባልም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ሳሎን እንደ እንግዳ ልቀመጥ?

በነገራችን ላይ ክፉ አከራይ ገጥሞኝ አይደለም። እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩኝ አይቀሩም። ስለ ሚስማር ሲነሳ ግን ፊታቸው ይቀየራል። ከዚህ በፊት የነበረ ተከራይ ግድግዳውን ወንፊት አድርጎባቸው ሄዷል፤ እውነታቸውን ነው። ብሎኬት ደግሞ ያለቦታው ሲመታ ይፈረፈራል። ታዲያ መላ አለው እኮ! በድሪል ተበስቶ ፊሸር፣ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ይገባል፤ አይፈረፈርም። ባለሙያውን እኔ እከፍላለሁ።

አከራዮች ሆይ፣ እባካችሁ። የምጠይቀው ሁለት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ ለፎቶው፣ አንዱ ለሰፌዱ። ስወጣ ደፍኜ፣ ቀብቼ አስረክባለሁ። ውሉ ላይ ጻፉት፣ እፈርማለሁ።