ማስተካከያ፦ ስለ «ፈኒ ገርል» መሪ ተዋናይት

«ፈኒ ገርል» የተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኒው ዮርክ የቲያትር መድረክ ብሮድዌይ ሲመለስ፣ ሊያ ሚሼል የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የፋኒ ብራይስን ሚና ከቢኒ ፌልድስቲን በቀጥታ እንደተረከበች ቀደም ሲል መጻፌ ስሕተት ነው። አዘጋጆቹ ያኔ ባወጡት ይፋዊ መግለጫ መሠረት፣ ፌልድስቲን ጁላይ 31 ከተሰናበተች በኋላ፣ ሚሼል ሴፕቴምበር 6 እስክትጀምር ድረስ መድረኩን የያዘችው ተጠባባቂ ተዋናይት የነበረችው ጁሊ ቤንኮ ናት፤ ከዚያም በኋላ የሐሙስ ትርኢት በአብዛኛው ለእርሷ ተሰጥቷል። ስለዚህ ሚሼልን ሲጠባበቁ የሐሙስ ትኬት የያዙ አድናቂዎች ቤንኮን ያዩት በድንገተኛ ለውጥ ነው ማለቴም ይታረም፤ አስቀድሞ የተነገረ መርሐ ግብር ነበር። ቤንኮ ሚናውን የተጫወተችበት የኦገስት ወር፣ በእኔ ግምት፣ በቀደመው ጽሑፌ ውስጥ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባው ነበር፤ አሁን ተጨምሯል።