ማስተካከያ፦ ስለ ጋብቻው አምላክ ስም
ስለ ጥንታዊ ግሪኮች የጋብቻ አምላክ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ሩሲያውያን «ጊሜኔይ» የሚሉት ከግሪኩ ሂሜናዮስ የተለየ የስላቭ አምላክ እንደሆነ የተገለጸው ትክክል አይደለም። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሩሲያኛ በግሪክኛ ስሞች መነሻ ላይ ያለውን የ«ሀ» ድምፅ ብዙ ጊዜ በ«ገ» ስለሚተካ፣ ባለቅኔው ሆሜር «ጎሜር» እንደሚባለው ሁሉ ሂሜናዮስም «ጊሜኔይ» ሆኗል። ስፓኒሽ «ሀ»ን ቢጽፈውም በንባብ ይውጠዋል፤ ጣሊያንኛ ግን ከጽሑፉም አውጥቶ «ኢሜኔኦ» ይላል፤ የሙዚቃ ደራሲው ሄንደል እ.ኤ.አ. በ1740 ለንደን ላይ ያቀረበው ኦፔራም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ግሪኮች ሙሽራይቱን ወደ ሙሽራው ቤት ሲሸኙ የሚዘፍኑት የሠርግ ዘፈንም ሂሜናዮስ ይባል ነበር፤ አምላኩ ከዘፈኑ ወይስ ዘፈኑ ከአምላኩ ተሰየመ የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ።