ማስተካከያ፦ ስለ ዛፍ ቀለበቶች

ሰሞኑን ሲዘዋወር የነበረ ጽሑፍ «የዛፍ ዕድሜ ለማወቅ ዛፉ የግድ ይቆረጣል» ይላል። ስህተት ነው። ተመራማሪዎች በእጅ መሰርሰሪያ ከግንዱ እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ያወጣሉ፤ በናሙናው ላይም ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ አንድ አንድ የሚጨምራቸውን የእድገት ቀለበቶች ይቆጥራሉ። ዛፉም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይቀጥላል። ደኖቻችን በተመናመኑበት ጊዜ ይህ በደንብ መታወቅ አለበት።

በዛፍ ቀለበቶች ዘመንን የማወቅ ጥናት መሥራች የሆነው አሜሪካዊው አንድሩ ዳግላስም የዕፅዋት ተመራማሪ ሳይሆን የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነበር። ቀለበቶችን ማጥናት የጀመረው የፀሐይን ዑደት ፍለጋ ነው።

ዋናው ግን ይህ ነው። ጽሑፉ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ያለችውን የጥንት ሰፈር፣ የሜሳ ቨርዴን ነዋሪዎች «ድርቅ ብቻ አባረራቸው» ይላል። በደረቅ ዓመት የዛፍ ቀለበት ስለሚጠብ፣ የአካባቢው ዛፎች ቀለበቶች ከ1276 እስከ 1299 እ.ኤ.አ. ከባድ ድርቅ እንደነበረ በግልጽ ያሳያሉ። ሰዎቹ ለምን እንደሄዱ ግን ቀለበቶቹ ብቻቸውን አይናገሩም። አርኪዮሎጂስቶች ግጭትንና ማኅበራዊ ቀውስንም ከምክንያቶቹ ይቆጥራሉ።