ግሱ እስኪደርስ

ሰሞኑን አንድ ማታ የማደሪያችን ኮሪደር ላይ ጭስ ሸተተኝ። ጀርመንኛንና ዘመዶቹን ቋንቋዎች አብሮኝ የሚማረው ልጅ በሩን ከፍቶ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሯል። እርስ በርስ በጀርመንኛ ብቻ እናውራ ብለን ተስማምተናል፤ ሐሳቡም የእሱ ነው። እኔም ቃሌን አክብሬ በጀርመንኛ ጀመርኩ። «ኩሽና ውስጥ የሆነ ነገር...»

ጀርመንኛ እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልክ እንደ አማርኛ። ስለዚህ «እየተቃጠለ መሰለኝ» የምትለዋ ዋና ጉዳይ ገና መንገድ ላይ ናት። ልጁ ጣቱን አነሳ።

«ኢን ዴር ኩሸ አልክ እኮ። ኩሸ ሴት ናት። ዲ ነው የሚባለው።»

ጭሱ ኮሪደሩን ሞላው። እኛ የኩሽና ጾታ ላይ ቆመናል። ሲታይ የሚያርረው ድስት የራሱ ነበር።

ጨጓራዬን የላጠው ግን ድስቱ አይደለም። እርማቱ ራሱ ስህተት ነው! ኩሽና በጀርመንኛ ሴት መሆኗ እውነት ነው፤ «ውስጥ ነው» ሲባል ግን ዲ የነበረው ዴር ይሆናል። ሦስት ጾታ አለ፤ ከስሙ ፊት የሚቆመው ቃል በተራ ጊዜ ለወንድ ዴር፣ ለሴት ዲ፣ ጾታ ለሌለው ዳስ ነው። ብዙ ቁጥር ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ስሙ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በሚይዘው ሥራ፣ ማለትም በአራት የስም ሙያ ሲባዛ 16 ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ይወጣል። ሳጥኖቹን የሚሞሉት ግን 6 ቃላት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያው አንዱ ዴር እዚህ ወንድ፣ እዚያ ሴት፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ብዙ ይሆናል። አራሚያችን የሠንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር ሸምድዶ፣ የቀረውን ዓለም በእሷ ይዳኛል።

አማርኛ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ቤቱ ስንፈልግ ቤቱ ነው፤ ስንወዳት ቤቷ ትሆናለች። እስክሪብቶው ሲጠፋብን ወንድ ነበር፤ ስናገኛት «ይቺውና!» እንላለን። ጾታ ከስሜታችን ጋር ይመጣል፣ ከስሜታችን ጋር ይሄዳል። ማንም ጣቱን አያነሳም።

አንድ በጣም የምወዳት ተረት አለች። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» ሰው ሁሉ ይህችን ተረት የሚጠቅሳት ጅቡን ለመስደብ ነው። እኔ ግን ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ወዲህ የጅቡ ደጋፊ ሆኛለሁ። እስቲ አስቡት። እንግዳ አገር ገብቷል። ዘመድ የለውም። አነጋገሩ ሳይያስቅ አይቀርም። እሱ ግን ሳያፍር፣ ሳይንተባተብ፣ የሚፈልገውን ነገር በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጠየቀ። የቋንቋ መምህራን ሁሉ የሚመኙት ተማሪ ይህ ነው። የእኛ አራሚ እዚያ ቢኖር ኖሮ ተረቱም አይኖርም ነበር። ጅቡ «ቁርበት» ሲል ጣቱን ያነሳና «ቁርበት ጾታ የለውም፤ ዳስ ነው የሚባለው» ይለው ነበር። «አንጥፉልኝ» ሳይደርስ ይቀር ነበር። ምስኪን ጅብ ባዶ መሬት ላይ ያድር ነበር።

ስለ መቸኮል ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የቆየ ቂም አለኝ። ተረት በመሰብሰብ የምናውቃቸው ወንድማማቾች ያኮብ እና ቪልሄልም ግሪም የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1838 ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ የወጣው በ1854 ነው። ቪልሄልም በ1859 አረፈ። ያኮብ ደግሞ በ1863 ሲሞት ገና ኤፍ ፊደል ላይ ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ተቀባበሉት፤ ነገሥታት ወረዱ፣ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፣ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። መዝገበ ቃላቱ ያለቀው በ1961 ነው። 123 ዓመት! ማንም «ጊዜው አልፏል» ብሎ አልመለሰውም። እኔ ስለዚሁ መዝገበ ቃላት አንድ አጭር ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዤ፣ ሁለት ቀን ብቻ ይጨመርልኝ ብዬ ብለምን አስተማሪዬ ምን አሉኝ? «ሥራ በጊዜው ነው።» እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ ዝም አላለም። ይኸው ያኮብ ግሪም በ1822 ባሳተመው ሰዋስው ላይ በጀርመንኛና በዘመዶቹ ቋንቋዎች ጥንት እንዴት ፕ ወደ ፍ፣ ክ ወደ ህ እንደተለወጡ ያስረዳበትን ሕግ ለፈተና አጥንተናል። ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ ግን በ1818 ብዙውን ነገር ቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሕጉ የሚጠራው በማን ስም ነው? በግሪም። ዓለም ለዘገየ ሰው የምታዝነው፣ የዘገየው እኔ ካልሆንኩ ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰው የሚጠረጥረው የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው ጣታቸውን የሚያነሱት ብሎ ነው። እኔ እስካሁን እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። ጀርመኖች ግስ ጠባቂ ሆነው ያደጉ ናቸው። ዓረፍተ ነገርህ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ዓይናቸውን ተክለው መጨረሻውን ይጠብቃሉ። ስዊድኖች ደግሞ ገና ስትንተባተብ በትሕትና ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩልሃል። ይህም የራሱ ሕመም አለው፤ ግን ቢያንስ ወሬው ይቀጥላል። አጥብቆ የሚያርምህ አብሮህ የሚማረው ነው። ያውም በአንድ ምዕራፍ የቀደመህ።

አሁን የምናገረው ለቀልድ አይደለም። ክፍላችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ከሁላችንም በላይ ታነባለች። መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ታወራ ነበር። ስትናገር ከአንድ ጥግ «ዴር!»፣ ከሌላ ጥግ «ዴን!» ይወረወርባታል። አሁን መናገር ስትፈልግ መጀመሪያ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ከጻፈች በኋላ ስሞቹን አንድ በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ ታያለች። ከዚያ ቀና ስትል ክፍሉ ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብቷል። ቀስ ብላ ሥርዝ ታደርገዋለች። ያንን የተሠረዘ መስመር አንድ ቀን ሰርቄ አየሁት። ከዚያ ቀን ውይይት ሁሉ የተሻለው ሐሳብ እሱ ነበር። አንድም የጾታ ስህተት የለበትም። ያለ ስህተት ቀረ። እንግዲህ ይህን ነው «ማገዝ» የሚሉት! ማን አግዙኝ አለ?

ደግነቱ አራሚያችን የማይደፍራቸው ቦታዎች አሉ። የዴንማርክኛ ክፍል ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል። ዴንማርኮች 50 ሲሉ ሁለት ተኩል ጊዜ ሃያ ማለታቸው ነው። 70 ሦስት ተኩል ሃያ ነው። 90 አራት ተኩል ሃያ። ያውም ይህን ሁሉ ሒሳብ ሠርተው ሲያበቁ ግማሹን ድምፅ ውጠው ነው የሚናገሩት። እዚያ ክፍል ማንም ማንንም አያርም። ሁሉም በጣቱ እየቆጠረ ነው። የጀርመንኛ ጥንታዊ ዘመድ የሆነው የጎቲክ ክፍልም ሰላም ነው። ተናጋሪዎቹ አልቀዋል፤ የቀረልን በዋናነት ጳጳሱ ዉልፊላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከቅጂዎቹ ስመ ጥሩው ስዊድን፣ ኡፕሳላ ከተማ ይገኛል፤ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ። አራሚያችን እዚያ ሲደርስ አንድ ጊዜ ጣቱን ከፍ አድርጎ ነበር። ከዚያ የሚመሰክርለት ሰው እንደሌለ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጆሮውን አክኮ አወረዳት።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አፍሪካንስ ተመዝግቤያለሁ። ይህ ከደችኛ ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያደገ ቋንቋ የስም ጾታ የሚባል ነገር ጥሏል። ወንዱም፣ ሴቷም፣ ኩሽናውም፣ ድስቱም አንድ ቃል ብቻ አላቸው፤ እሷም ዲ ናት። ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዲ ነው የሚባለው» ቢል ልክ ይሆናል። የሚሳሳቱበት ነገር ቢኖር አሉታው ነው። «ኒ» የምትል ቃል መሃል ላይ ትባልና አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ትደገማለች። ሁለተኛዋን መርሳት ቀላል ነው አሉ። ግን ረስቼያት እንደሆነ ለማወቅ ዓረፍተ ነገሬን እስከ መጨረሻው መስማት ግድ ይላል።

እሱም ተመዝግቧል።