የአውሮፓ ኅብረት ከከሰል ጉድጓድ ነው የወጣው

በየዓመቱ ሜይ 9 የአውሮፓ ቀን ሲከበር የሚነሱት ስሞች ያው ናቸው፦ ሹማን፣ ሞኔ፣ የምዕራብ ጀርመኑ መራኄ መንግሥት አደናወር። ይገባቸዋል። ከሰሉን የቆፈሩትን ግን የሚያነሳ ብዙም የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ሜይ 9 ቀን 1950 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበር ሹማን፣ የፈረንሳይና የምዕራብ ጀርመን የከሰልና የብረት ምርት በአንድ የጋራ አካል ሥር ይሁን አሉ። ሐሳቡን ያረቀቁት የፈረንሳይ የፕላን ኃላፊው ዣን ሞኔ ነበሩ። ሹማን ራሳቸው የድንበር ሰው ናቸው። ሉክሰምበርግ ተወለዱ፣ በጀርመን ዜግነት አደጉ፣ ጀርመን ይዛት የነበረችው ሎሬን ለፈረንሳይ ስትመለስ ፈረንሳዊ ሆኑ። ያለ ከሰልና ብረት መድፍ እንደማይሠራ ያውቃሉ። ስለዚህ ከፍቅር አልጀመሩም። መድፉ ከሚሠራበት ነገር ጀመሩ። በዓመቱ ስድስት አገሮች የከሰልና የብረት ማኅበርን የሚመሠርተውን ውል ፓሪስ ላይ ፈረሙ፤ የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መነሻ ያ ነው።

ከሰሉን ግን ከመሬት የሚያወጣው ሰው ነው። ቤልጅየማውያን ጉድጓድ መግባት ጠልተዋል። ጣሊያን ደግሞ ሥራ ፈላጊ ሞልቷት ከሰል የላትም። በ1946 ሁለቱ ተዋዋሉ፤ ጣሊያን 50,000 ሠራተኛ ልትልክ፣ ቤልጅየም ከሰል ልትሸጥላት። ከመጡት ብዙዎቹ የጦር ምርኮኞች በለቀቁት የቆርቆሮ ቤት ተኙ።

ኦገስት 8 ቀን 1956፣ በቤልጅየሟ ሻርለርዋ ከተማ አጠገብ ማርሲኔል በሚባል ቦታ፣ የከሰል ጋሪ ሊፍቱ ውስጥ በቅጡ ሳይገባ ሊፍቱ ተነሳ። ጋሪው የዘይት ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ በጠሰ። እሳት ተነሳ፤ ጭሱ ጉድጓዱን ሞላው። ጠዋት ከገቡት 275 ሰዎች 13 ብቻ ተረፉ። ከሞቱት 262 ውስጥ 136ቱ ጣሊያናውያን ናቸው። ቤልጅየማዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ግሪካዊ፣ ጀርመናዊ፣ ፈረንሳዊም አለበት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እርስ በርስ ሲታኮሱ የነበሩ አገሮች ልጆች አብረው ሞቱ።

ሐዘኑ ከንቱ አልቀረም። ጣሊያን ወደ ቤልጅየም ጉድጓዶች ሰው መላክ አቆመች። የከሰልና የብረቱ ማኅበርም በዓመቱ የማዕድን ሠራተኞችን ደህንነት የሚከታተል ቋሚ ኮሚሽን አቋቋመ። የአውሮፓ ተቋም ከንግድና ከታሪፍ አልፎ የሠራተኛን ሕይወት ጉዳዬ ሲል ለኔ ትልቁ እርምጃው ያ ነው፤ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበርን ከመሠረተውና በ1957 ሮም ላይ ከተፈረመው ውል አላሳንሰውም።

ጉድጓዱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከ2012 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከብራሰልስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። የሚቀጥለው የሜይ 9 ንግግር እዚያ ይደረግ፣ የ262ቱም ስም አንድ በአንድ ይነበብ።